ሆድና እግር ሳይጣሉ ከተማ ማየት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከቤተሰብ ጋር ትልቅ ከተማ ስለ መጎብኘት ናቸው። ሰዓቱን የጻፍነው በለመድነው አቆጣጠር ነው። ትኬትና የባቡር ሰሌዳ ላይ የሚታተመው ግን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነውና 13:00 ሲል ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 19:30 ሲል ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ ስትሞሉም ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ያዙት፤ ሁለቱ ከተደባለቁ የሚጠፋው ደቂቃ ሳይሆን ስድስት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ያለን አራት ቀን ነው። ባለቤቴ ማየት አለብን የሚለውን ዘርዝሮ ዘርዝሮ 19 አድርሶታል። ልጆቻችን 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። በቀን ስንት ቦታ ይቻላል? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ሁለት። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል።

ከባድ የምንለው ሰልፍ፣ ፍተሻና ረጅም መቆም ያለበትን ነው፦ ትልቅ ሙዚየም፣ ቤተ መንግሥት፣ የአራዊት መጠበቂያ። ቀላል የምንለው ልጅ ሲያለቅስ ያለ ጸጸት ጥላችሁት የምትወጡትን ነው፦ መናፈሻ፣ ገበያ፣ አደባባይ፣ የወንዝ ዳር፣ አጭር የጀልባ ጉዞ። በዚህ ስሌት አራቱ ቀን ስምንት ቦታ ይሰጣችኋል። የደረሳችሁበትና የምትመለሱበት ቀን ከአራቱ ውስጥ ከሆኑ ስድስት በሉት። ከ19ኙ 13 መሰረዝ ያማል፤ ቢሆንም ቤት ቁጭ ብሎ መሰረዝ ይሻላል። መንገድ ላይ ከሆነ የሚሰርዘው የአምስት ዓመቱ ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ የትኛው ይበልጣል ብሎ አያመዛዝንም።

ካርታው የሚነግራችሁን ደቂቃ እንዳለ አትቀበሉት። የስልክ ካርታ የእግር መንገድን የሚያሰላው ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል ብሎ ነው። ትንሽ ልጅ ለእርግብ ይቆማል፣ ለሽንት ይቆማል፣ የጫማው ማሰሪያ ይፈታል፤ የዚያን ግማሽ ቢሄድ ነው። 15 ደቂቃ ያለውን 30 ብላችሁ ያዙ።

የሙዚየም ድካም ደግሞ ለብቻው ነው። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን በ1916 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ድካም ርእስ አድርጎ ጽፏል፤ አንድ ጎብኚ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን ለማየት እንዴት እንደሚጎነበስና አንገቱን እንደሚያጣምም በፎቶግራፍ አስደግፎ አሳይቷል። መቶ ዓመት ቢያልፈውም የሚያደክመው ያው ነው፦ ሁለት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ጎንበስ ማለት፣ እንደገና ሁለት እርምጃ። ቀጥ ብሎ አንድ ሰዓት መሄድ ከዚህ ይቀላል። ስለዚህ ለአዋቂ 2 ሰዓት፣ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃል። ገና ስትገቡ መደብሩ ውስጥ የአምስት ዕቃ ፖስትካርድ ግዙና ልጆቹ እነዚያን አምስቱን ፈልገው ያግኙ። አምስቱ ሲገኙ ጉብኝቱ አልቋል፤ ስድስተኛ አትጨምሩ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከመግቢያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ስለሚከማች፣ ፍለጋውን ከመጨረሻው አዳራሽ ብትጀምሩ መተንፈሻ ታገኛላችሁ።

ቀኑን ደግሞ በቦታ ሳይሆን በምግብ ሰዓት ከፋፍሉት። ብዙ ቦታ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ነውና በሩ ሲከፈት ከባዱ ቦታ ላይ ተገኙ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ «ራበኝ» ሳይሉ መክሰስ። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከ6 ሰዓት በኋላ ሲጎርፍ እናንተ ሂሳብ እየከፈላችሁ ነው። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ማረፊያ ክፍል፣ ሩቅ ከሆነ ጥላ ያለበት ሣር። ከዚያ ቀላሉ ቦታ፣ 12 ሰዓት ላይ እራት። የመዋዕለ ሕፃናት ሰዓት ይመስላል? ነው እንጂ። እራት ዘግይቶ በሚበላበት አገር፣ ለምሳሌ በስፔን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ወጥ ቤቱን የሚከፍት ምግብ ቤት ማግኘት ስለሚያስቸግር ትልቁን ምግብ ምሳ ላይ አድርጉት፤ እራት ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ እርጎና ፍራፍሬ ይሁን።

ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የመዝጊያ ቀን ነው፦ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ የፓሪሱ ሉቭር ግን ማክሰኞ ነው። ሁለተኛው የመጨረሻው መግቢያ ሰዓት ነው፤ በሩ ከሚዘጋበት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀድማል።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍያ ብዙ ቦታ የሚያስገባ የከተማ ካርድ ያዋጣል?

መልስ፦ ልጅ ለያዘ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ካርዱ የሚያተርፈው በቀን ሦስትና አራት ቦታ ለሚሮጥ ሰው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የምር የምትገቡባቸውን ቦታዎች ብቻ ጻፉና የእያንዳንዱን መግቢያ ደምሩ፤ «ካርዱ ካለንማ እንግባ» የምትሉትን ከድምሩ አውጡ። ለልጆች ለብቻ አትግዙ፣ መጀመሪያ በነጻ ይገቡ እንደሆነ እዩ፤ ሉቭርን የመሰሉ ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች ያለን አያስከፍሉም። «48 ሰዓት» እና «2 ቀን» የሚሉ ካርዶችም ይለያያሉ። የመጀመሪያው መቁጠር የሚጀምረው ከተጠቀማችሁበት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው ግን ከሰዓት በኋላ ብትጀምሩትም ያን ቀን ሙሉ ቀን አድርጎ ይበላባችኋል። ሰዓት ማስያዝ ግዴታ በሆነበት ቦታ ደግሞ ካርድ ብቻውን በር አያስከፍትም፤ ሰዓቱን ለብቻው ማስያዝ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጉዟችን ትልቁን ሐውልት አይተን ፊት ለፊቱ ያለ ምግብ ቤት ገባን። ምግቡ ቀዝቃዛ፣ ሂሳቡ ከጠበቅነው እጥፍ ሆነብን። ደህና ቤት ከውጭ በምን ይታወቃል? — አምስት ሰው ይዞ የሚጓዝ አባወራ

መልስ፦ ያ ቤት መጥፎ የሆነው ባለቤቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሐውልት ፊት ኪራይ ውድ ነው፣ የሚገባው ሰውም ነገ ተመልሶ አይመጣም። ምግቡ ቢከፋ ደንበኛ የማይጎድልበት ቤት ምግቡን የሚያሻሽልበት ምክንያት የለውም። መድኃኒቱ ከ400 እስከ 500 ሜትር መራቅ ነው፣ ሦስት አራት መንገድ ገባ ማለት። መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል ወይም የአትክልት ገበያ ያለበትን አቅጣጫ ምረጡ፤ እዚያ የሚበላው ሰው በየቀኑ የሚመለስ ነው።

በሩ ላይ ስትደርሱ ዝርዝሩን አንብቡ። አንድ ገጽ ከሆነ ደግ ነው። ስድስት ቋንቋ የተጻፈበት፣ እያንዳንዱ ምግብ በደበዘዘ ፎቶ የታየበት፣ ፒዛም ሩዝም ዓሣም ጥብስም ያለበት ከሆነ አብዛኛው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሚሞቅ መሆኑን ጠርጥሩ። እጃችሁን ይዞ የሚያስገባ ሰው በር ላይ ካለ እለፉ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን እዩ፦ ልጅ የያዘ የአገሩ ሰው ካለ ግቡ። የኢንተርኔት አስተያየት የምታዩ ከሆነ አጠቃላይ ነጥቡን ተዉትና አዲሶቹን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ሼፍ ይለወጣል፣ ቤት ይሸጣል። ሦስት ኮከብ የሰጡ ሰዎች የሚጽፉት ከአንድም ከአምስትም ኮከብ ሰጪዎች የተሻለ እውነት ይዟል። ፎቶም ቤቱ የለጠፈውን ሳይሆን ደንበኞች ያነሱትን።

አምስት ሰው ሲሆን ችግሩ ጠረጴዛም ነው። ብዙ ቤት ጠረጴዛው ለሁለትና ለአራት ነውና ቀደም ባለው ቀን አስይዙ፤ ከፍ ያለ የልጅ ወንበር ከፈለጋችሁም ያኔውኑ ተናገሩ። ጥሩ የሚባል ቤት መብላት ካማራችሁ ምሳ ላይ ሂዱ። ብዙዎቹ ቀን ላይ በተወሰነ ዋጋ የተዘጋጀ ምሳ አላቸው፣ ከዚያው ወጥ ቤት የሚወጣው የማታው ምግብ ግን ይወደዳል። ስታዙ የልጆቹ አስቀድሞ ይምጣ በሉ። ለአምስት ሰው አምስት ምግብ አትዘዙ፤ ሦስት ወይም አራት አዝዛችሁ መሃል አስቀምጡ፣ ካነሰ ጨምሩ። ሁሉም የሁሉንም ይቀምሳል፣ የሚጣልም አይኖርም።

ሂሳቡ እጥፍ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ባልተነበበ መስመር ነው። ዓሣና የባሕር ምግብ ላይ የተጻፈው ዋጋ የ100 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ከመጥበሱ በፊት ተመዝኖ ጠቅላላ ዋጋው ይነገራችሁ። በአንዳንድ አገር ሳታዙ የሚቀርበው ዳቦና ወይራ ይከፈልበታል፣ ካልፈለጋችሁት ሳትነኩት መልሱ። ለመቀመጫ በሰው የሚታሰብበትም አለ። «የአገልግሎት» የሚል መስመር ካለ ቲፑ ውስጡ ነው፣ ሁለተኛ አትክፈሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቃል፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቲፕ ብትሰጡ አስተናጋጁ ገንዘብ ረስታችኋል ብሎ ሊከተላችሁ ይችላል። በካርድ ስትከፍሉ መሣሪያው «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?» ቢላችሁ አይ በሉና በከተማው ገንዘብ ክፈሉ። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ምንዛሬውን የሚተምነው የማሽኑ ድርጅት ነው፣ ለራሱም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ቤት የለመደውን ካልሆነ አይበላም። አሥር ቀን ውጭ ልንቆይ ነው፤ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው።

መልስ፦ አይሞትም። ጤነኛ ልጅ ለጥቂት ቀን ሩዝና ሙዝ ብቻ ቢበላ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው ጉዞውን በሙሉ በማዕድ ጠብ ማሳለፍ ነው። በእያንዳንዱ ማዕድ አንድ የሚያውቀው ነገር ይኑር፦ ነጭ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች። ከነዚህ አንዱ የሌለበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ከጎኑ አዲሱ ምግብ በትንሹ፣ በሻይ ማንኪያ መጠን ይቀመጥ። «ቅመስ» ከማለት «ምን ይሸታል? ይኮመጥጣል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ይሠራል። መረቅ ወይም ስልስ ያለበት ምግብ ከሆነ ለብቻው ይቅረብለት፤ ልጅ ሩዙን ያለ ወጥ ይበላል፣ ወጥ የነካውን ግን ሙሉ ሳህኑን ይገፋል። ገበያ ስትሄዱ አንድ ፍሬ ራሱ መርጦ ራሱ ይግዛ። ራሱ የገዛውን ሳይቀምስ የሚቀር ልጅ ጥቂት ነው።

ሌላው ስህተት የሚሠራው ከማዕድ ውጭ ነው። ልጁ ምሳ ስላልበላ በየመንገዱ ብስኩትና ጭማቂ ይሰጠዋል፣ እራት ሲደርስ ጠግቧል፣ «አይበላም» ይባላል። መክሰስ በሰዓት ይሁን፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት አንዴ፣ መሃሉ ላይ ውኃ ብቻ። ከእሱ ያነሱ ልጆች አብረው ካሉ፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ኦቾሎኒ አይሰጥም፣ ወይን ፍሬም በርዝመቱ ለአራት ሳይቆረጥ አይሰጥም፤ ሁለቱም ጉሮሮ ይዘጋሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ የመንገድ ምግብ መብላት እንወዳለን፣ ሆዳችንን ግን እንፈራለን። ልጆች ይዘን እንዴት እንምረጥ? ከያዘንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የመንገድ ምግብ በራሱ ከሆቴል ቡፌ የባሰ አይደለም። ዐይናችሁ እያየ ተጠብሶ እንፋሎቱ ሳይወጣ እጃችሁ የሚገባ ነገር፣ ከጠዋት ጀምሮ ለብ ባለ ትሪ ላይ ከተኛ ሥጋ ይሻላል። ተሕዋስያን በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት አይቆይ የሚለውም ለዚህ ነው። ይኸው ምክር የእናንተን ቦርሳም ይመለከታል። ጠዋት ከሆቴሉ የተያዘ እንቁላል ያለበት ሳንድዊች ከሰዓት በኋላ የልጅ መክሰስ መሆን የለበትም፤ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ፣ ሙዝና የታሸገ ብስኩት ይዋል።

የምትመርጡትን ሻጭ ለአምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱት። ሰልፍ አለው? ሰልፍ ካለ ምግቡ አያድርም። ገንዘብ የሚቀበለው እጅና ምግብ የሚነካው እጅ ይለያያሉ? ጥሬውን ያነሳበት መቆንጠጫ የበሰለውንም ያነሳል? ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ ምግቡ ቢበስልም መቆንጠጫው ጥሬውን መልሶ ይቀባዋል። ሳህኑ አንድ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ የሚመለስ ከሆነ በወረቀት ይጠቅልልላችሁ። ተላጦ የተቆረጠ ፍራፍሬ ይቅር፣ ራሳችሁ የምትልጡት ይሁን። የቧንቧው ውኃ በማይጠጣበት ከተማ በረዶውም አይጠጣም፤ ሰው ውኃውን ገዝቶ ይጠጣና በረዶውን ይረሳዋል።

እጅ በሳሙና ለ20 ሰኮንድ ይታጠብ። የእጅ ማጽጃ ፈሳሽ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ ሆኖም የቆሸሸ ወይም ቅባት የነካው እጅ ላይ ብዙ አይሠራም፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አያጠፋም። ስለዚህ ፈሳሹ ቧንቧ እስኪገኝ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ተቅማጥ ከጀመረ ሰውን የሚጎዳው የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ከቤት ስትነሱ አራት አምስት ፓኬት ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ያዙ፣ ከጥቂት ወረቀት አይከብድም። ከሌለ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው። «ልክ» ማለት አፉ ተጠርጎ የተስተካከለ፣ ያልተቆለለ ማለት ነው። ጨው ከበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው፣ ስኳር ከበዛ ደግሞ ተቅማጡን ያባብሳል፤ የታሸገ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ለዚህ የማይሆኑትም ለዚያ ነው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ያለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም አይከለከል። ደም ከታየ፣ ከፍ ያለ ትኩሳት ካለ፣ ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ካልሸና ወይም መጠጣት ካቃተው ጉብኝቱን ትታችሁ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ሴት ልጃችን ኦቾሎኒ አይስማማትም፣ አንዴ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች። ቋንቋቸውን በማናውቀው ከተማ እንዴት ምግብ ቤት እንገባለን?

መልስ፦ በወረቀት። በከተማው ቋንቋ ታትሞ ለወጥ ቤቱ የሚሰጥ ካርድ ያዙ፤ አስተናጋጁ በቃል የሚያስተላልፈው መንገድ ላይ ይቀንሳል። ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ «ልጃችን ኦቾሎኒ ብትበላ ለሕይወቷ ያሰጋል። ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ምግብ አትበላም። ኦቾሎኒ በነካ መጥበሻ፣ ዘይት ወይም ማንኪያ የተሠራም አትበላም። ያለ ስጋት ልትበላው የምትችለው ምን አለ?» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ዋና ናት። «ኦቾሎኒ አለበት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በችኮላ «የለም» ሊል ይችላል፣ «ምን ትብላ?» የተባለ ግን ማሰብ አለበት። በስልክ ካስተረጎማችሁት መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙትና ያው መሆኑን አረጋግጡ፤ በብዙ ቋንቋ ኦቾሎኒና እንደ አልሞንድ ያሉት የዛፍ ፍሬዎች ስማቸው ይቀራረባል፣ መሣሪያው አንዱን ለሌላው ይተካል።

የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤቶች ኦቾሎኒን ጨምሮ ስለ 14 የአለርጂ መንስኤዎች ለደንበኛ መረጃ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ስለዚህ እዚያ ዝርዝሩን መጠየቅ መብት ነው። በየትም ቢሆን ሦስት ቦታ ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ የጋራ መጥበሻ ዘይት፣ ምን እንደገባበት የማይታይ ስልስ፣ ማንኪያው ከሳህን ሳህን የሚዘዋወርበት ቡፌ። ሐኪም ያዘዘላት የኤፒነፍሪን መርፌ (ለከባድ አለርጂ ወዲያው የሚወጋ መድኃኒት) ካለ ሁለት ይሁን፤ የአንዱ ኃይል ሳይበቃ ሁለተኛ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሆቴል ውስጥ ወይም በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከልጅቷ ጋር ባለው አዋቂ እጅ ይሁን። ወላጆች ለሁለት ስትከፈሉ መርፌው አብሮ የሚሄደው ከልጅቷ ጋር ነው፣ ይህ ደግሞ በጥድፊያ የሚረሳ ነገር ነው። ትንፋሽ ካጠራት መርፌው አስቀድሞ፣ ቀጥሎ የአምቡላንስ ጥሪ። የአለርጂ ክኒን ምትኩ አይሆንም። የከተማውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ከመድረሳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የ72 ዓመት እናቴን ይዤ ልሄድ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ለስኳር ኢንሱሊን ትወስዳለች። ሸክም ሆንኩባችሁ እንዳትል እፈራለሁ። — ልጇ

መልስ፦ የእናትዎን ቀን በመቀመጫ ይለኩት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከተማውን በሚዞር ፎቅ አውቶቡስ አንድ ሙሉ ዙር ሳይወርዱ ይሂዱ፤ ከዚያ የትኛው ቦታ መውረድ እንደሚፈልጉ እሳቸው ይምረጡ። በወንዝ ወይም በባሕር ዳር ከተማ የሕዝብ ጀልባ ያንኑ ሥራ በትንሽ ዋጋ ይሠራል። ብዙ ትልልቅ ሙዚየሞች በመግቢያቸው ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳሉ። መራመድ ለሚችሉም ቢሆን ይውሰዱት፦ ሲፈልጉ ይቀመጡበታል፣ ሲፈልጉ ይዘውት እየገፉ ይሄዳሉ። የምድር ባቡር ከመያዝዎ በፊት መውረጃው ጣቢያ ሊፍት እንዳለውና በዚያ ቀን እንደሚሠራ ይዩ፤ መነሻው ሊፍት ኖሮት መውረጃው 80 ደረጃ ሊሆን ይችላል። ሆቴል ሲይዙም «መሃል ከተማ» ከሚለው ቃል በፊት ሊፍት መኖሩን ይጠይቁ።

ኢንሱሊኑ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም፤ የዕቃ ክፍሉ በረዶ ሊያደርገው ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። ገና ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። የሆቴል ትንሽ ፍሪጅ የኋላ ግድግዳው በረዶ ስለሚሠራ በሩ ላይ ያድርጉት። በሥራ ላይ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ክፍል አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ትክክለኛውን ከማሸጊያው ያንብቡ። ብዙ መራመድ ስኳር ያወርዳል፣ ስለ መጠኑ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ምግብ ቤት ውስጥ መርፌውን ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ አይውጉ፤ «አሁን ይመጣል» የተባለ ምግብ 40 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም የስኳር ልኬቱ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። «ያለ ስኳር» የሚለው ጭማቂ እዚህ ላይ አይረዳም። ጫማ አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተለመደ ይሁን። ማታ ማታ የእግራቸውን መዳፍና በጣቶቹ መሃል ያለውን ይዩላቸው፣ የስኳር ሕመምተኛ ቁስሉ ላይሰማው ይችላል።

ሸክም የሚለውን በተመለከተ፣ እናትዎን ለመክሰስና ለገበያ አለቃ ያድርጓቸው። የት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚገዛ የሚወስን ሰው ወደኋላ የቀረ አይመስለውም።

ጥያቄ፦ በሕዝብ በተጨናነቀ ባቡር ልጅ ቢለየን?

መልስ፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ሕግ ይኑር፦ ልጅ ባቡር ውስጥ ቀርቶ አዋቂ ውጭ ከቀረ፣ ልጁ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ልጅ ውጭ ቀርቶ አዋቂ ውስጥ ከሆነ፣ ልጁ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ አዋቂው ይመለሳል። ሁለቱም ፍለጋ ከተነሱ እየተላለፉ ይውላሉ። ሲሳፈሩ አንድ አዋቂ ከፊት፣ ልጆች መሃል፣ አንድ አዋቂ ከኋላ። ብቻችሁን ከሆናችሁ እጅ ለእጅ፣ የሕፃን ጋሪ ካለ ጋሪው ላይ የሚያዝ ቦታ ይኑር። ጠዋት ጠዋት ከሆቴል ስትወጡ የእያንዳንዱን ልጅ ሙሉ ቁመት ፎቶ አንሱ፤ ሲጠፋ «ምን ለብሶ ነበር?» ሲባል የሚያስታውስ ወላጅ የለም። የስልክ ቁጥራችሁን ከአገር መለያው ጋር ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከጠፋ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ወይም ልጅ የያዘች እናት ጋ እንዲሄድ ንገሩት፤ «ፖሊስ ፈልግ» ብትሉት የአገሩን ፖሊስ በልብሱ ላያውቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከፎቅ ላይ ከተማውን ለማየት የሚሻለው ቀን ነው ማታ?

መልስ፦ ሁለቱም በአንድ ትኬት። ፀሐይ ከምትጠልቅበት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ያለውን መግቢያ ያዙ፦ ቀኑን ታያላችሁ፣ ሲመሽ ታያላችሁ፣ መብራቱ ሲበራም እዚያው ናችሁ። ይህ ሰዓት ቀድሞ የሚሸጥ ነውና ቀደም አድርጋችሁ ግዙት። የምትጠልቅበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ለዚያ ቀን የሚሆነውን እዩ። መግቢያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ፍተሻ የምትጀምሩበት ነው፣ ፍተሻና ሊፍት ለብቻቸው ግማሽ ሰዓት ሊወስዱ ስለሚችሉ እሱንም ጨምራችሁ አስሉ። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ልጆቹን ከመውጣታችሁ በፊት አብሉ፤ ላይ ያለው ካፌ ውድ ነው፣ ሰልፉም መስኮቱን ይጋርዳል። ጃኬት ያዙ፣ ክፍት ሰገነት ላይ ንፋሱ ከታች ካለው ይበረታል። በመስታወት በኩል ፎቶ ስታነሱ የስልኩን ካሜራ መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ በጥቁር ልብስ ዙሪያውን ጋርዱት፣ ያለዚያ የሚታየው የራሳችሁ ፊት ነው።